የአፈ ማዕድ ደንቦች

ሦስት ሰው አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ካስቀመጣችሁ፣ አንዱ ተነሥቶ ስለ አቀማመጡ ደንብ ማውጣቱ አይቀርም። ይህ ሰው በየሠርጉ አለ፣ በየለቅሶ ቤቱ አለ፣ በየስብሰባው አለ። "እንግዳ በቀኝ!" ይላል። "ታላቅ ሳይቀምስ?" ይላል። ማን እንደሾመው አይታወቅም፤ ሲሻርም ታይቶ አይታወቅም። ዓለም ስትፈጠር በቦታው ቢኖር ኖሮ፣ ብርሃኑ ከመምጣቱ በፊት ወንበሮቹ በተርታ ይደርደሩ ባለ ነበር።

የቅዳሜ ገበታ ክበብም የራሱ ነበረው። ክበቡ የባለሙያዎች ማኅበር ነው፤ ከማተሚያ ቤቱ በላይ ባለው አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ምሳ ይበላሉ። ልብስ ሰፊ አለ፣ የጭነት መኪና ሾፌር አለ፣ ባለ መድኃኒት ቤት አለ፤ ባለ መድኃኒት ቤቱ ሊቀ መንበርም ነው። ሥርዓት አስከባሪው ደግሞ ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት በር ላይ "ችሎት ገባ፣ ተነሡ!" እያሉ ሲጮኹ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ጡረታ የወጡት ከፍርድ ቤቱ እንጂ ከጩኸቱ አይደለም። አባላቱ በምፀትም በፍርሃትም ማዕረግ ሰጥተዋቸዋል፦ ክቡር አፈ ማዕድ።

ከሁሉ አዲሱ አባል ሰዓት ሠሪው ነበር። አርባን ያለፈ፣ ቀጠን ያለ፣ ዝምተኛ የሚመስል ሰው ነው፤ ግን አንድ ዐመል አለበት፤ የተዘጋ ነገር አይወድም። የቆመ ሰዓት ሲያመጡለት ለምን እንደቆመ ለማየት ይከፍተዋል። የሚሠራ ሲያመጡለት ደግሞ ለምን እንዳልቆመ ለማየት ይከፍተዋል። በዚህ ዐመሉ ነው ክበቡ በር ላይ የደረሰው፤ የደረሰውም እጁን ለሰላምታ ዘርግቶ ነው።

"እጅህን ሰብስብ!" ብለው ጮኹ አፈ ማዕድ።

ሰዓት ሠሪው የሰረቀው ነገር ያለ ይመስል እጁን ሰበሰበ።

"ለማዕድ የታጠበ እጅ ማዕድ እንጂ እጅ አይነካም። እጅ ደረት ላይ፣ ራስ ዝቅ። እንደዚህ።"

"ለምን ጋሼ?"

"ከእኛ በፊት የነበረ ነው፤ ከእኛም በኋላ ይኖራል!"

ገብቶ ተቀመጠ። ትኩስ ሾርባ በጎድጓዳ ሳህን መጣለት፤ ማንኪያ ግን አልመጣም። ግራና ቀኙን ቢያይ ማንም ማንኪያ የለውም።

"ማንኪያ ረሱ መሰለኝ" አለ ቀስ ብሎ።

"በማንኪያ የሚመገብ የታመመ ሰው ነው" አሉ አፈ ማዕድ ከገበታው ራስ አጠገብ። "ታመሃል?"

"ኧረ ደኅና ነኝ።"

"እንግዲያው በሁለት መዳፍህ አንሥተህ ጠጣ።"

"ግን ለምን…"

"ለምኔ!" አለው ሾፌሩ እየሳቀ፤ ያ ስም እዚያው ወጣለት፣ እስከ ዛሬም አልለቀቀውም።

ሾርባው ሳያልቅ ስለ ሥራ ማውራት ክልክል ነው። ሾፌሩ በሳቁ ተዘናግቶ "ትናንት ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኔ…" ብሎ ሲጀምር፣ አፈ ማዕድ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ደበደቡ።

"አማት!"

ሾፌሩ ተነሣ። ቅጣቱ የታወቀ ነው፤ በሾርባ ላይ ሥራውን ያነሣ ሰው ቆሞ "ይበቃል" እስኪባል ድረስ አማቱን ያወድሳል።

"አማቴ ደግ ናቸው" አለ ሾፌሩ ኮፍያውን እያሻሸ። "በጣም ደግ ናቸው። እኔን ሲሰድቡኝ እንኳ ለብቻቸው አይሰድቡኝም፤ ጎረቤቱ ሁሉ እንዳይቀርበት መስኮት ይከፍታሉ።"

"ይበቃል።"

"ገና ምኑ ተነካ፣ ጋሼ!"

"ይበቃል አልኩ። ይህ ክስ እንጂ ውዳሴ አይደለም።"

ከሾርባው በኋላ ለጤና የሚባለው ጽዋ አለ። ነገር ግን በዚያ ቤት ብርጭቆ ወደ ላይ አይነሣም፣ ከጎረቤት ብርጭቆም ጋር አይጋጭም። አፈ ማዕድ "ለጤናችን!" ሲሉ ሁሉም በክርኑ ጠረጴዛውን ይመታል። አንድ ጊዜ፣ በኃይል። ብርጭቆው ይዘላል፣ የጨው ዕቃው ይንከባለላል፤ ከታች ያሉት የማተሚያ ቤት ሠራተኞች ማሽናቸው የተሰበረ መስሏቸው ሥራ ያቆማሉ።

ሰዓት ሠሪውን ከሁሉ በላይ የገረመው ግን የሥጋው ነገር ነው። በክበቡ ማንም የራሱን ሥጋ አይቆርጥም። የተጠበሰው ሥጋ በየሳህኑ ከተቀመጠ በኋላ፣ እያንዳንዱ በግራው ያለውን ሰው ሳህን ወደ ራሱ ስቦ ይቆርጥለትና ይመልስለታል። ደንቡ አንድን ሰው ብቻ ይምራል። ከራስጌ የሚቀመጡት የዕድሜ ታላቅ፣ ሽማግሌው ግንበኛ፣ ቢላ አይቀርብላቸውም። "ታላቅ ፊት ስለት አይቀመጥም" ይላሉ አፈ ማዕድ። ራሳቸው በግንበኛው ቀኝ ስለሚቀመጡ የግንበኛውን ሥጋ ይቆርጣሉ። ከግንበኛው ግራ የሚቀመጠው ደግሞ "ከታላቅ ሥር ሆኖ ሥርዓት ይማር ዘንድ" አዲሱ አባል ነው፤ ይኸውም ሰዓት ሠሪው። የእሱን ሥጋ መቁረጥ የነበረባቸው ግንበኛው ናቸው። ቢላ ስለሌላቸው አፈ ማዕድ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ በግንበኛው ጀርባ ዞረው ይቆርጡለታል። የራሳቸው ሥጋ እስከዚያ ይቀዘቅዛል።

ሰዓት ሠሪው ይህን ሲያይ ነገሩ ውስጡን በላው። በሙያው የማያውቀው ነገር ነው። በሰዓት ውስጥ ዝም ብሎ የሚዞር ባለ ጥርስ ክብ የለም፤ አንዱ የሚዞረው ሌላውን ሊያዞር ነው። ይህ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ምን እያዞረ ነው?

መጠየቅ ጀመረ። ልብስ ሰፊው "የመርዝ ነገር ነው" አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ድሮ ሰው ይመራረዝ ነበር። ጎረቤትህ ከቆረጠልህ፣ ለእሱም ሌላው ከቆረጠለት፣ ማን ማንን ይመርዛል?"

"ሁሉም ሁሉንም ሊመርዝ አይችልም እንዴ?"

ልብስ ሰፊው "እሱን አላሰብኩትም" አለ፤ በዚያ ቀን ምሳውን እያየ ነበር የበላው።

ሾፌሩ ደግሞ ከመሥራቾቹ አንዱ ሥጋ ሲቆርጥ ጣቱን ቆርጦ ነው አለው። የትኛው መሥራች እንደሆነ ሲጠየቅ "ጣት የሌለው ነዋ" ብሎ ሄደ። ባለ መድኃኒት ቤቱ ትከሻውን ነቀነቀ፤ "እኔ አባል ስሆን እንዲህ ሆኖ ነው ያገኘሁት። ንጽሕና ነው እንዳልል ንጽሕና አይደለም።"

በመጨረሻ ወጥ ቤት ገባ። አብሳይዋ ድስት ስታጥብ ነበር።

"እትዬ፣ እዚህ ቤት ማንኪያ ከጥንት ጀምሮ ተከልክሎ ነው?"

"የምን ጥንት? እኔ ስቀጠር በማንኪያ ነበር የሚበላው።" እጇን በሽርጧ ጠርጋ መሳቢያውን ሳበችው። ማንኪያዎቹ በጨርቅ ተጠቅልለው ሞልተዋል፣ ከሥራቸውም የራስጌው ቢላ አለ። "ያው ጯሂው ናቸው። አንድ ቅዳሜ መጡና 'ማንኪያ ቀርቷል' አሉኝ። ከዚያ ቢላው፣ ከዚያ ክርኑ፣ አንድ በአንድ። ለምን ይሆን ብላቸው…"

"ከእኛ በፊት የነበረ ነው አሉሽ።"

"አንተ ማን ነገረህ?"

ሰዓት ሠሪው እየዘለለ ወረደ። አፈ ማዕድ ጥንትን በገዛ እጃቸው የሚያመርቱ ሰው ሆኑ! በሚቀጥለው ቅዳሜ እንዴት አድርጎ እንደሚያጋልጣቸው ሳምንቱን ሙሉ ሲያሰላስል ከረመ። ሾርባ ሲቀርብ "ማንኪያዬን ከመሳቢያው" ሊል ነበር ሐሳቡ።

ያ ቅዳሜ ደረሰ። ሾርባው ገና አልመጣም። የግንበኛው የእጅ መሐረብ ከጭናቸው ላይ ተንሸራቶ በእሳቸውና በሰዓት ሠሪው ወንበር መካከል ወደቀ። ሰዓት ሠሪው ሊያነሣላቸው ጎንበስ ሲል ሽማግሌው ቀደሙት። መሐረቡን ግን በጣታቸው አላነሡትም። ትኩስ ድስት እንደሚያወርድ ሰው በሁለቱ የእጆቻቸው አንጓ መሐል አጣብቀው ወደ ላይ ሳቡት። ጣቶቻቸው ወደ ውስጥ ታጥፈው፣ እንደ ዛፍ ሥር ደርቀው ቀርተዋል። የማይዘረጉ ነበሩ።

ሰዓት ሠሪው ጎንበስ እንዳለ ቆየ። በእነዚህ እጆች የከተማው ግማሽ ተገንብቷል። "ድንጋይ ያዛሉ" ይባልላቸው ነበር፤ ድንጋዩ አንዴ ከተቀመጠ አይነሣም። አሁን ድንጋዩ ይቅርና ማንኪያ አይይዙም።

ሾርባው መጣ። ሽማግሌው ጎድጓዳውን ሳህን በሁለት መዳፋቸው አንሥተው እንደማንኛውም ሰው ጠጡ። "ለጤናችን!" ሲባል እንደማንኛውም ሰው በክርናቸው መቱ። በር ላይ ሲገቡም የታጠፈ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እንደማንኛውም ሰው ሰላምታ ሰጥተው ነበር። ሥጋው ተቆርጦ ቀረበላቸው፤ ለሁሉም ተቆርጦ ቀረበ። ሰዓት ሠሪው የአማት ቅጣቱ ብቻ ከዚህ ጋር አልገጠም ብሎት ሲቆዝም፣ እሱም ገጠመ፤ ሰው ገበታ ላይ ሲቀመጥ አስቀድሞ የሚጠይቀው "ሥራ እንዴት ነው? ዘንድሮ ምን እየሠሩ ነው?" ብሎ ነው።

የክበቡ ደንብ ሁሉ፣ ያ ሁሉ ጩኸትና ያ ሁሉ ክርን፣ በአንድ ጥንድ እጅ ዙሪያ የሚዞር አንድ ሰዓት ነበር። የሠራውም ሰው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ የቀዘቀዘ ሥጋውን እያኘከ ነው።

ሰዓት ሠሪው ስለ ማንኪያ ያሰበውን ዋጠው። ምሳው ሲያበቃ ግን ደረጃው ላይ ተከትሎ ደረሰባቸው።

"ጋሼ፣ ገባኝ።"

"ምኑ?"

"ማንኪያው። ቢላውም፣ ክርኑም።"

አፈ ማዕድ ከደረጃው መሐል ቆሙ። ወደ ላይም ወደ ታችም አዩ።

"ለማን ተናገርክ?"

"ለማንም።"

"እንግዲያው የገባህን ቆልፍበት። ሰውየው እጁን ለሐኪም እንኳ አላሳየም። እኔም አላየሁም፣ አንተም አላየህም።"

"እርስዎ ለእሳቸው ብለው እንዳደረጉት እሳቸው ራሳቸው ያውቃሉ?"

"እኔ ምን አውቄ? ጠይቄው አላውቅም።" ሁለት ደረጃ ወርደው ዞሩ። "ሰው ሳይጠይቅም ይኖራል። ሞክረው።"

ክፉ ዘመን ሲመጣ በደግ ሰው በኩል ነው የሚመጣው። ባለ መድኃኒት ቤቱ ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ክበቡ እንዳይዘጋ እንቅልፍ ያጣው እሱ ነው። አባላቱ እያረጁ፣ ወንበሮቹ ባዶ እየሆኑ ነበር። በቅርቡ ሁለት መምህራን ለመቀላቀል መጥተው፣ ከክርኑ በኋላ በዚያው ቀሩ። አንደኛው ክርኑ አብጦ ቅባት ሊገዛ የሄደው እዚያው ባለ መድኃኒት ቤቱ ዘንድ ነው።

"ወንድሞቼ" አለ ባለ መድኃኒት ቤቱ አንድ ቅዳሜ፣ ሥጋው ሳይቆረጥ። "እንዲህ ከቀጠልን እኛው ለእኛው ስንቆርጥ እናልቃለን። ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ እንደ ሰው እንብላ። በማንኪያ፣ ሁሉም በየራሱ ቢላ፣ እጅ ለእጅ ተጨባብጠን። ምን ይመስላችኋል?"

"እፎይ!" አለ ሾፌሩ። ልብስ ሰፊውም የመርዙ ነገር ከብዶት ኖሮ ራሱን ነቀነቀ።

ሽማግሌው ግንበኛ ፈገግ አሉ። "ለእኔ ሁሉም አንድ ነው" አሉ። "ደግሞ እኔ ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄ ዘንድ ሳልሄድ አልቀርም። የልጅ ልጆቼ ይናፍቁኛል።"

ልጃቸው ያለችበት ከተማ የሁለት ቀን መንገድ ነው። ሰዓት ሠሪው ከጎናቸው ሆኖ የኮታቸውን አንገትጌ አየ፤ ለቅዳሜ ተብሎ የተቦረሸ ነው። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ሌላ የሚቦርሹለት ቀን የላቸውም። ይህ ገበታ ከተዘጋባቸው ቤታቸው ተቀምጠው፣ ማንም እንዳያያቸው በር ዘግተው ነው የሚበሉት።

"ጋሼ፣" አለ ባለ መድኃኒት ቤቱ ወደ አፈ ማዕድ ዞሮ፣ በአክብሮት፣ "ደንቡ ለምን እንደሚያስፈልገን አንድ ምክንያት ይስጡኝ፤ ሐሳቤን አነሣለሁ። አንድ ብቻ።"

አፈ ማዕድ ተነሡ። ምክንያቱ አፋቸው ውስጥ ነበር። ቢተፉት ያሸንፋሉ፤ ቢተፉት ደግሞ አንድ ሰው በጓደኞቹ መሐል ይዋረዳል። ያ የፍርድ ቤት ግድግዳ ሲያናውጥ የኖረ ድምፅ እንደ ተማሪ ድምፅ አንሶ ወጣ።

"ከእኛ በፊት… የነበረ ነው።"

"ጋሼ፣ ማንኪያዎቹ እኮ መሳቢያ ውስጥ ናቸው። አይቻቸዋለሁ።"

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላ ሰው ሳቀ። አፈ ማዕድ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ስልሳ ዓመት ቀጥ ብሎ የኖረ ጀርባ ያን ጊዜ ወንበሩን ተደገፈ።

"እንግዲህ የተስማማ እጁን ያንሣ" አለ ባለ መድኃኒት ቤቱ።

"እኔ ምክንያት አለኝ" አለ ሰዓት ሠሪው።

ዞረው አዩት። የሚለውን አላሰበበትም ነበር። ከፊቱ ያለውን ቢላ አንሥቶ ሥጋው ላይ አደረገና እጁን ማንቀጥቀጥ ጀመረ። ተዋናይነት አያውቅም፤ አበዛው። ቢላው የሳህኑን ጠርዝ እንደ ቀስቃሽ ሰዓት ደወል እየመታ ጮኸ፣ መረቁም የልብስ ሰፊውን ሸሚዝ አራሰው።

"እዩት" አለ። "ሥጋ መቁረጥ አልችልም። ከጀመረኝ ቆይቷል፤ የጎረቤቴንም ሥጋ እስካሁን የቆረጥኩት በስንት መከራ ነው። ይህን ክበብ የተቀላቀልኩት ሰው የሚቆርጥልኝ እዚህ ብቻ ስለሆነ ነው። ከቀየራችሁት እኔ ወጣሁ።"

ልብስ ሰፊው ሸሚዙን መጥረጉን ትቶ ቀና አለ።

"አንተ!" አለ ሾፌሩ ዓይኑ ፈጦ። "ባለፈው የእኔን ሰዓት የፈታኸው በዚህ እጅ ነው?"

"በዚህ ነው።"

"እኔ እኮ ሰዓቷ ራሷ ወደ ኋላ የምትቀር መስሎኝ… በል ተወው።"

ባለ መድኃኒት ቤቱ ፊቱ ቀላ። "ወንድሜ፣ ምነው ቀደም ብለህ ብትነግረኝ? የነርቭ ሽሮፕ ነበረኝ።" ከዚያም ሐሳቡን እንዳነሣ ተናገረ፤ አንድም እጅ አልተነሣም። አፈ ማዕድ ግን ተነሡ። የግንበኛውን ሥጋ ቆረጡ፣ በጀርባቸው ዞሩ፣ የሰዓት ሠሪውንም ሳህን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ሲቆርጡ አላዩትም። ቁራጮቹ ግን ከወትሮው አነስ ያሉ፣ ለሕፃን የተቆረጡ የሚመስሉ ነበሩ።

ሰዓት ሠሪ እጁ ይንቀጠቀጣል ከተባለ፣ ዘፋኝ ድዳ ነው እንደማለት ነው። ወሬው ከእሱ ቀድሞ ሱቁ ደረሰ። ሾፌሩ "ለአንዴ ላያት ብዬ" ብሎ መጥቶ ሰዓቱን ይዞ ሄደ። ወይዘሮዎች የእጅ ሰዓታቸውን ከመስተዋቱ ውጭ አሳይተው አለፉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣለት የግድግዳ ሰዓት ብቻ ሆነ፤ እሱም በመዶሻ ቢመታ የማይሰማው ዓይነት። ሰዓት ሠሪው አጉሊ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ፣ ወረንጦውን እየወለወለ ይውላል። እውነቱን ለአንድ ሰው ቢናገር ሥራው ይመለስለታል። እውነቱ ግን ቀጥሎ ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ ያውቃል።

ገበያ በሞላበት አንድ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ አፈ ማዕድ መጡ። ኮት ለብሰዋል፣ ከረባት አስረዋል። ሱቁ በር ላይ ቆመው ወደ መንገዱ ዞሩ።

"ጸጥታ!"

ከፊት ለፊት ያለው ጸጉር ቆራጭ መቀሱን አየር ላይ አቆመ። ሻጭም ገዥም ቆመ። ሾፌሩ መኪናው ውስጥ ሆኖ አንገቱን አወጣ።

"የሟች ባለቤቴ ሰዓት ሊከፈት ነው!" አሉ አፈ ማዕድ። ከደረት ኪሳቸው የተጠቀለለ መሐረብ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ፈቱት። የባቄላ ፍሬ የምታህል የሴት ሰዓት ናት። "ባለቤቴ ካረፈች ጀምሮ ከእኔ በቀር የማንም እጅ አልነካትም። ዛሬ ይህ ሰው ይከፍታታል።"

ሰው መስተዋቱ ላይ ተጣበቀ። ሰዓት ሠሪው ሰዓቷን ወደ ጆሮው አስጠግቶ አዳመጠ።

"ጋሼ፣" አለ በሹክሹክታ፣ "ምንም የላትም እኮ። ደኅና ትሠራለች።"

"አውቃለሁ። ቀስ ብለህ ክፈታት። ይዩህ።"

ሰዓት ሠሪው መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ። ክዳኗን አነሣ። ከአሸዋ ቅንጣት የማትበልጥ ብሎን በወረንጦ ፈትቶ፣ ከፍ አድርጎ፣ መንገዱ ሁሉ እስኪያያት ይዟት ቆየ። ብሎኗ አልተነቃነቀችም።

"ኧረ ይሄ እጅ አይንቀጠቀጥም!" አለ ሾፌሩ ከመኪናው።

"ገበታ ላይ ነው የሚንቀጠቀጠው!" ብለው ጮኹ አፈ ማዕድ ፊታቸውን ወደ መንገዱ እንዳደረጉ። "እንዲህ ያለ ሕመም አለ! ያላመነ ሰዓቱን አምጥቶ ይሞክር!"

ሰዓት ሠሪው ሳቁን ውጦ ቀና አለ። አፈ ማዕድ የሟች ባለቤታቸው ሰዓት ስትፈታ ማየት አልቻሉም ኖሮ ጀርባቸውን ሰጥተውት ወደ መንገዱ ቆመዋል፤ ቀጥ ብለው፣ አገጫቸውን ከፍ አድርገው። ከኋላቸው የተጠላለፉት እጆቻቸው ግን ይንቀጠቀጡ ነበር። እውነተኛ መንቀጥቀጥ ነው፤ ማንም ሊያስመስለው የማይችል።

ሰዓት ሠሪው ብሎኗን ቶሎ ወደ ቦታዋ መለሰ።